ጢም ያበቀለው ልጅነት

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል)

ባሌ ውስጥ በሮቤም በጎባም፣ በዲንሾም በአጋርፋም፣ ድምፃችን በሚደርስበት ሁሉ ያላችሁ ወገኖች፣ የሳኔቲ አምባ ብርድ ወደ ከተማው እየወረደ ነውና ከሰሉን ወደ እግራችሁ ጠጋ አድርጉት። ለጥቂት ደቂቃ አብረን እንጫወት።

የዛሬውን ርዕስ ያገኘሁት ከአንድ ጎረቤቴ ነው። አስተማሪ ነው። ሃምሳ ዓመት ሊደፍን ጥቂት ቀርቶታል። በሰፈራችን የተከበረና ለሽምግልና የሚጠራ ሰው ነው። አንድ ምሽት ለጉዳይ ብዬ ቤቱ ስገባ ጋቢውን ተከናንቦ ብቻውን ተቀምጧል፤ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። እኔን ሲያይ ስልኩን ቶሎ ብሎ ጋቢው ውስጥ ሸጎጠው።

«ምን እያየህ ነው እንዲህ የሚያስቅህ?» አልኩት።

«ኧረ ዜና ነው» አለኝ።

ዜና አይቶ እንደዚያ የሚስቅ ሰው እኔ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ያጋለጠችው ትንሿ ልጁ ናት። «ውሸቱን ነው ጋሼ! ቶም እና ጄሪ ነው የሚያየው!» ብላ እየሮጠች ወደ ጓዳ ገባች። አስተማሪው አንገቱን ደፋ። ጉንጩ ላይ ያየሁት እፍረት ሌባ ላይ እንኳ የማይታይ ነበር።

አድማጮች፣ የዛሬው ጥያቄያችን ከዚህ ይነሳል። ትልቅ ሰው የልጅነቱን የካርቱን ፊልም፣ የልጅነቱን ጨዋታና የጉርምስናውን ዘፈን ቢወድ ምን ያሳፍረዋል? ለምንስ ይደብቀዋል?

(አጭር ሙዚቃ)

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናስታውስ። ትልቅ ሰው መጫወቱ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ገበጣ ላይ ጎንበስ ብለው ጠጠር የሚቆጥሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ዳማ ይዘው በቆርኪ የሚፋለሙትም ጎልማሶች ናቸው። በገና ጊዜ ሩሩን በዱላ የሚያሳድዱት ሰዎች ባለትዳሮችና የልጆች አባቶች ነበሩ። በዚያ ጨዋታ ላይ ጌታ እንኳ በሎሌው እንደማይቆጣ የሚናገር አባባልም አለን። አያቶቻችን ለትልቅ ሰው የሚጫወትበትን ቀን መድበውለት ነበር ማለት ነው። እፍረቱ የመጣው ጨዋታው ከሜዳ ወጥቶ ወደ ስክሪን ሲገባ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ባሌያችን ልምጣ። ስለ ልጅነት ትዝታ ሲወራ የባሌ ሰው ደረቱን ነፋ ማድረግ ይችላል። በኢትዮጵያ የብዙ ትውልድ ልጆች በአንድ ስም የሚያውቋቸው፣ ሁሉም «አባባ» እያለ የሚጠራቸው ሰው የተወለዱት እዚሁ ባሌ ውስጥ ነው። አባባ ተስፋዬን ነው የምላችሁ። ሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሳህሉ ነው። በ1915 ዓ.ም. ከዱ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። በኋላም አዲስ አበባ ገብተው የመድረክ ሰው ሆኑ። ሴት ተዋንያን ባልነበሩበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ተጫውተዋል። ክራር ይመቱ፣ ይዘፍኑ፣ በምትሃት ተመልካች ያስደንቁ ነበር። ከቃኘው ሻለቃ ጋር እስከ ኮርያ ተጉዘው፣ በባዕድ አገር የሚዋጉትን ወታደሮች በጨዋታ አጽናንተዋል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አባባ ተስፋዬ ከአርባ ዓመት ያለፉ ጎልማሳ ነበሩ። የልጆችን ዝግጅት ይዘው ከአርባ ዓመት በላይ ተረት ተናገሩ፣ ልጆች አስጨፈሩ፣ መከሩ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰላቸውን ሰው አስቡት። ባለ ሽበት ባለሥልጣን፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ሹፌር፣ ሐኪም፣ የልጅ ልጅ ያየች እናት ነበሩ። ሁሉም በዚያ ቀን የሸኙት የገዛ ልጅነታቸውን ነበር። «ትልቅ ሰው የልጅ ነገር አይወድም» የሚል ሰው ካለ ያንን ቀን ያስታውስ።

እኚህ ሰው ራሳቸው ለክርክራችን ምስክር ናቸው። ጎልማሳ ሆነው፣ ሸብተው፣ አርጅተው እንኳ የልጅ ጨዋታ ሥራቸው ነበር። ማንም ግን «ምነው እኚህ ሽማግሌ?» አላላቸውም። እንዲያውም ሁሉም አከበራቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ወደ አስተማሪው ልመለስ። በሌላ ቀን ሻይ እየጠጣን ነገሩን አነሳሁበት። አሁን ሳያፍር ነገረኝ።

«ልጅ ሆኜ በመንገዳችን ላይ ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው» አለኝ። «የቤቱ እመቤት እትዬ የምንላቸው ሴት ነበሩ። እግራችንን ሳንታጠብ አያስገቡንም። ታጥበን ወለሉ ላይ እንደረደራለን። የተረፈው በመስኮት ነው የሚያየው። እኔና ታላቅ ወንድሜ ዘግይተን ስለምንደርስ ሁልጊዜ መስኮቱ ላይ ነን። እሱ ከኋላዬ ቆሞ አገጩን ትከሻዬ ላይ ያደርጋል። አይጧ ድመቱን ስታታልለው የሱ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ነው የሚፈነዳው። ወንድሜ ካረፈ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። አሁን ያንን ፊልም ስከፍት ትከሻዬ ይሞቀኛል።»

አድማጮች፣ መልሱ እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ይህ ሰው የሚስቀው በድመቱ ብቻ አይደለም። ከወንድሙ ጋር ነው የሚስቀው። የልጅነት ፊልምና ዘፈን አብሮን የነበረውን ሰው ይዞ ይመጣል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ የፊልሙን ታሪክ ረስተን የመስኮቱን ብርድ የምናስታውሰው።

ቶም እና ጄሪ ደግሞ እንደ እኛ ላለ ከተማ የተመቸ ፊልም ነበር። ዊልያም ሐና እና ጆሴፍ ባርቤራ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1940 የፈጠሩት ነው። ሰባት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ድመቱና አይጧ ግን ከጩኸትና ከሳቅ በቀር እምብዛም አይናገሩም። ንግግሩን የሚናገረው ሙዚቃው ነው። ድመቱ በጣቱ ጫፍ ሲራመድ ሙዚቃውም በጣቱ ጫፍ ይራመዳል፤ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። በሮቤ ወይም በጎባ አንድ መስኮት ላይ ከተደረደሩት ልጆች አንዱ ቤቱ ኦሮምኛ፣ ሌላው አማርኛ ይነገርበታል። ፊልሙ እንግሊዝኛ ቢያወራ ኖሮ አንዱም አይገባውም ነበር። ዝም ስላለ ግን ሁሉም እኩል ሳቀ። አስተርጓሚ የማይፈልግ ሳቅ ሁለት ቋንቋ ለሚናገር ሰፈር ትልቅ ስጦታ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ ሳይንሱ ምን እንደሚል እንይ።

እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የስዊዘርላንድ የሕክምና ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ያቀርባል። ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ ወገኖቹ በናፍቆት ሲከሱና ሲታመሙ አይቶ ለነገሩ «ኖስታልጂያ» የሚል ስም አወጣለት። ቃሉን የገጠመው ከግሪክኛ ሁለት ቃላት ነው፤ አንዱ ወደ ቤት መመለስ፣ ሌላው ሕመም ማለት ነው። እንግዲህ ትዝታ በአውሮፓ መጀመሪያ የተመዘገበው እንደ በሽታ ሆኖ ነው። በእኛ አገር ግን ትዝታ ከአራቱ ታላላቅ የዜማ ቅኝቶች አንዱ ነው። ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጎን ይቆማል። እነሱ ሐኪም የጠሩለትን ነገር እኛ ክራር አነሳንለት።

ዛሬ የነሱም ሐሳብ ተለውጧል። በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ኮንስታንቲን ሴዲኪደስና ቲም ዊልድሹት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጉዳዩን ለዓመታት አጥንተዋል። ሰው ብቸኝነት ሲሰማው ወደ ትዝታ እንደሚሄድ፣ ትዝታውም ከሰው ጋር እንዳለ ዓይነት ስሜት እንደሚሰጠው አሳይተዋል። የአስተማሪው ትከሻ መሞቅ ተረት አይደለም ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ስለ ሕይወቱ ብትጠይቁት፣ ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመቱ ባለው ጊዜ የሆነውን ከሌላው ዕድሜው አብልጦ ያስታውሳል። ይህ በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው። ምክንያቱም ብዙ ነገር መጀመሪያ የሚሆነው ያኔ ነው። የመጀመሪያው ጓደኛ፣ የመጀመሪያው ደመወዝ፣ የመጀመሪያው ፍቅር፣ ከቤት የተወጣበት የመጀመሪያው ጉዞ። ሰው «እኔ ማን ነኝ?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰውም በዚያው ዕድሜ ነው። ያኔ ጆሮው ውስጥ የነበረው ዘፈን ከመልሱ ጋር ተሰፍቶ ይቀራል።

(የድሮ ካሴት ማሽን ሲከፈትና ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ)

ይህን ድምፅ ያወቃችሁ እጃችሁን አውጡ! ቴፕ ነው። ክሩ ሲወጣ እስክርቢቶ አስገብተን ያጠነጠንነው ካሴት፣ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጣነው ባትሪ ድንጋይ። ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙም ይደክማል፤ ቀጭን የነበረው ድምፅ እየወፈረ እየተጎተተ ይሄዳል። እኛ ግን እስከ መጨረሻው እንሰማው ነበር።

ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለፈው ሰሞን በዚያ መንገድ በሚኒባስ ስሄድ ሹፌሩ የአሊ ቢራን ዘፈን ከፈተ። ከኋላ የነበሩት ሴት ከገበያ የሚመለሱ ናቸው። ጭናቸው ላይ ዶሮ ይዘዋል። ከጎናቸው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ዘፈኑ እንደ ጀመረ ሴትዮዋ ዶሮዋን ይዘው አንገታቸውን ይወዘውዙ ጀመር። የገረመኝ ግን ይህ አይደለም። ከተማሪዎቹ አንዷ ቀና ብላ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ግጥሙን ሳትሳሳት ተከተለችው። ዘፈኑ ከእሷ ዕድሜ በእጥፍ ይበልጣል!

አሊ ቢራ፣ ወላጆቹ ያወጡለት ስም አሊ መሐመድ፣ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ገና በልጅነቱ አፍረን ቀሎ ከተባለው የኪነት ቡድን ጋር መዝፈን ጀመረ። «ቢራ» የሚለውን ቅጽል ያገኘው ከመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። ቃሉ በኦሮምኛ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የሚጠራበትን ወቅት ይጠራል። ከኦሮምኛ ሌላ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በአማርኛም ዘፍኗል። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አረፈ። ያቺ ተማሪ በዘፈኑ ወርቃማ ዘመን አልተወለደችም። ታዲያ ከየት አመጣችው?

መልሱን አንድ ጥናት ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዋ ካሮል ክሩምሃንስል ከባልደረባዋ ጋር ሆና ሃያ ዓመት ገደማ የሆናቸውን ወጣቶች የተለያየ ዘመን ዘፈን አሰማች። ወጣቶቹ የራሳቸውን ዘመን ዘፈን መውደዳቸው አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ወላጆቻቸው ወጣት በነበሩበት ጊዜ ለወጡት ዘፈኖችም የተለየ ትዝታና ፍቅር ማሳየታቸው ነው። ቤት ውስጥ ሲከፈት ሰምተውት አድገዋል። እናት ወጥ እየሠራች የከፈተችው ቴፕ ለልጅ ውርስ ሆነ ማለት ነው። ያቺ ተማሪም አሊ ቢራን ያገኘችው ከአባቷ ወይም ከእናቷ ማጀት መሆን አለበት።

የድሮ ካሴት ውርስ መሆኑን የሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያም ታሪክ ያስረዳል። የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ሰው ነበር። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ እሱ እዚያው ቀረ፤ ከጊዜ በኋላም በዋሽንግተን ታክሲ መንዳት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ሠርቶ ነበር። ዓመታት አልፈው አንድ የድሮ ካሴት ሰብሳቢ አሜሪካዊ ይህንኑ ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ ዓለምን ዞረ። አንድ ሰው ካሴቱን ሳይጥል ባያስቀምጠው ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። ቤታችሁ ውስጥ ካርቶን ሙሉ ካሴት ካለ እባካችሁ አትጣሉት።

(አጭር ሙዚቃ)

የልጅነት ጨዋታውስ? ብይ፣ ቆርኪ፣ ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ቅልሞሽ። ከብት ጠባቂው ደግሞ በሜዳው ላይ የሚጫወተው የራሱ ጨዋታ አለው። ከዚያ ጆተኒ መጣ። ከዚያ በእጅ የሚያዘው፣ ጡብ የሚደረደርበት ትንሽ ማሽን መጣ፤ የዚያ አባት ቴትሪስ ነው፤ አሌክሲ ፓጂትኖቭ የተባለ ሩሲያዊ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ላይ የፈጠረው። ከዚያ የኖኪያዋ እባብ፣ ከዚያ ፕሌስቴሽን ቤት። የሠላሳ አምስት ዓመቱ ጎልማሳ ዛሬ ስልኩ ላይ ያንን እባብ ሲያሳድድ ብታዩት አትሳቁበት። ጨዋታው ውስጥ ከትምህርት ቤት አምልጦ፣ ከጓደኛው ጋር ሳንቲም አዋጥቶ ተራ የጠበቀበት ከሰዓት በኋላ አለ።

አሁን ግን አድማጮች፣ ነገሩ ሁሉ ማር ብቻ እንዳይመስላችሁ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ።

አንደኛው፣ ትዝታን ዱላ አናድርገው። «በኛ ጊዜ ዘፈን ነበር፣ በኛ ጊዜ ፊልም ነበር፤ የናንተ ምኑ ነው!» እያልን ልጆቻችንን የምንመታበት ዱላ። የእኛን ዘፈን ሲሰሙ አባቶቻችንም ይህንኑ ብለውን ነበር። በ1999 ዓ.ም. ገደማ ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች መምህርት ከባለቤቷ ጋር ሆና «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘ የልጆች ዝግጅት በአሻንጉሊት ሠርታ አቀረበች። ጸሐይ ቀጭኔ ናት። ያንን እያየ ያደገው ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ይዟል። ለእሱ አባባ ተስፋዬው ያቺ ቀጭኔ ናት። ሃያ ዓመት ቆይቶ ጋቢ ተከናንቦ እሷን እያየ ቢስቅ የእኛ አስተማሪ ሊፈርድበት አይችልም።

ሁለተኛው፣ የልጅነታችንን ፊልም በትልቅ ሰው ዓይን እንየው። በቀድሞዎቹ የቶም እና ጄሪ ፊልሞች ውስጥ ፊቷ እምብዛም የማይታይ፣ ብዙ ጊዜ እግሯ ብቻ የሚታይ አንዲት ጥቁር የቤት ሠራተኛ አለች። ልጅ ሆነን ስቀንባታል። ዛሬ ግን ያ ሥዕል በዚያ ዘመን አሜሪካ ጥቁር ሰው እንዴት ይታይ እንደነበር እንደሚናገር እናውቃለን። ከጊዜ በኋላ ፊልሙ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሥዕሏ እስከ መቀየር ደርሷል። ስለዚህ ከልጅ ጋር አብረን ስናይ እዚያ ቦታ ላይ ቆም ብለን ማስረዳት አለብን። አብሮ የመመልከት ጥቅሙ አንዱ ይህ ነው።

ሌላ ደግሞ ልብ የምትሉት ነገር አለ። እኛ የምናስታውሰውን ሁሉ ያየነው በቡድን ነው፤ በመስኮት፣ በወለል ላይ፣ በአንድ ቴፕ ዙሪያ። ከቴሌቪዥኑ በፊት የነበሩት አያቶቻችንም እሳት ከበው ነው «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ያሉት፤ በኦሮምኛውም «ሂቦ» ተባብለው የተጠያየቁት። የዛሬው ልጅ ግን ብቻውን፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ነው የሚያየው። እሱ አርባ ዓመት ሲሞላው ፊልሙን ሲከፍት ትከሻው ላይ የማን አገጭ ይኖራል? እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የፊልሙ አዲስ ወይም አሮጌ መሆን አያሳስበኝም።

(የመዝጊያ ሙዚቃ በዝግታ ይጀምራል)

ስለዚህ አድማጮች፣ ለዚህ ሳምንት አንድ የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። ከልጃችሁ ጋር ተቀመጡ። በመጀመሪያ እሱ የሚወደውን ያሳያችሁ፤ ሳትተቹ እስከ መጨረሻው እዩለት። ቀጥሎ እናንተ የልጅነታችሁን ክፈቱለት። ሲያልቅ ያኔ ከማን ጋር ሆናችሁ እንዳያችሁት ንገሩት። እናትና አባት በሕይወት ካሉላችሁ ደግሞ ደውላችሁ የወጣትነታቸውን ዘፈን ጠይቋቸው፤ መልሱን በስልካችሁ ቅዱት።

አስተማሪው የቤት ሥራውን ከእናንተ በፊት ሠርቷል። ትናንት ማታ በመስኮቱ አጠገብ ሳልፍ ሁለት ሳቅ ሰማሁ። አንዱ ወፍራም ነው፣ ሌላው ቀጭን። ልጅቷ ከኋላው ቆማ አገጯን ትከሻው ላይ አድርጋለች። እኔን ሲያየኝ በዚህ ጊዜ ስልኩን አልደበቀም። «ግባና እይ» አለኝ።

ገባሁ። እናንተም ግቡ።